የስቅለት ውሃ

ይድረስ ለአባቴ፣ ደብዳቤ ለማይመላለስበት አገር፦

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንተ ባለህበት «መሰንበት» የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ስለዚህ ከእኛ ልጀምር። እኛ ደኅና ነን። ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ በጋውም አለቀ፣ እነሆ ሙት ዓመትህ ደጃፍ ላይ ቆሟል። በጣርማ በር በኩል ደመና መጠራቀም ጀምሯል፤ ወደ እኛ ወደ ቆላው ግን ገና አልወረደም። ሸዋ ሮቢት እንደምታውቃት ናት። ገና በጠዋቱ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ውሻው ማንጎው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ይተኛል፣ ሰውም እንደ ውሻው ቢያደርግ ደስ ይለዋል።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ቡሬዋ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። በወንዙ በኩል ወድቆ የነበረው አጥር ታጥሯል፤ ያጠርኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ዘመም ብሏል። ጋቢህ እንደተሰቀለ ነው። ደብረ ሲና ያለችው እህትህ «እዚህ ብርድ ነው፣ ማስታወሻም ይሆነኛል» ብላ ጠይቃ ነበር፤ እማዬ ግን እንቢ አለች። «‹ቆላ ወርደህ ጋቢ ምን ያደርግልሃል› እያለች ስትስቅበት የኖረችው እሷ አይደለችም? አሁን ይብረዳት!» አለችኝ፣ ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ። ከሄድክ ወዲህ እማዬ እንደዚያ ስትሳለቅ የሰማኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ጥቁሯን ግን እስካሁን አላወለቀችም።

እኔም ተመርቄያለሁ። አንተ ያየኸኝ ለመጨረሻ ፈተናዬ ስዘጋጅ ነበር፤ ጋውኑን ሳታይ ሄድክ። ጋውኔን እንደለበስኩ መቃብርህ ድረስ ልምጣ ብል እማዬ ከለከለችኝ፤ «እሱ ያየሻል፣ ሌላው ሰው ግን አብዳለች ይልሻል» አለች። ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ሳስገባ፣ ሳስገባ፣ መልስ ሳጣ፣ ያንተን ሽንኩርት ያዝኩ። እጄን ብታየው ትስቃለህ።

ለደብዳቤው ምክንያት የሆነኝ ግን ሌላ ነው። በዘንድሮ ስቅለት አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ሰው ሳይነግርህ በፊት እኔ ልንገርህ ብዬ ነው። ወደዚያ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፣ ታገሠኝ።

አባዬ፣ አንተ «ጸልዪ» ብለኸኝ አታውቅም። ከሄድክ ወዲህ ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ጠዋት ማንጎው ሥር ሰሌንህን ታነጥፍና ፊትህን ወደ ምሥራቅ ታዞራለህ። እኔ ዓይኔን እያሻሸሁ ስወጣ፣ ሳትዞር፣ ከንፈርህም ሳያቋርጥ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ትላለህ። በቃ፣ ይኸው ነበር ትምህርትህ። ጠጋ ያልክበት ባዶ ቦታ የእኔ ነበር። አንዳንድ ቀን እቆምበታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ተኝቼበት ሹክሹክታህን እሰማለሁ። ሁለቱንም ከልክለኸኝ አታውቅም።

ከአርባህ በኋላ ያንን ቦታ ልሞላ ተነሣሁ። ግን እኔ እንዳንተ ዝግ ያልኩ አይደለሁም። የሥራ አመራር ተምሬ የለ? ሃይማኖቴንም በዕቅድ ልመራው አሰብኩ። ለሰባቱ የጸሎት ሰዓታት ስልኬ ላይ ደወል ሞላሁ። ዳዊቱን ለየቀኑ ከፋፈልኩት፤ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ ሳይቀር ቀን ወጣለት። እማዬ አንድ ሰሞን ታገሠችኝ። ከዚያ ሽንኩርት ስንኮተኩት ስልኩ ሲጮህ ዶማዋን ተደግፋ፣ «የሚጸልየው ስልኩ ነው ወይስ አንቺ? ስልኩ ከሆነ አንቺ ነይና ኮትኩቺ» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ደወለብኝና አስቆምኩ። ሹፌሩ፣ «እህቴ፣ ይሄ ጋራዥ ነው፤ ሚካኤል ገና ነው» አለ። መጸለይ ፈልጌ ነው ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እንግዲያው ለኋላ ጎማዬም ጨምሪበት» ብሎኝ ሄደ። አንተ ብትኖር ይቺን ወሬ ለጋሼ ሰይድ ሳትነግር አታድርም ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ባሰብኝ። በዚያ በእኛ ሐሩር፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ ዶማ ይዤ መዋል ጀመርኩ። አንድ ቀን ዓይኔ ጭልም አለብኝና የሽንኩርት መደቡ ላይ ተዘረርኩ። ከጎረቤት ማሳ ሮጠው መጥተው ያነሡኝ ጋሼ ሰይድ ናቸው። ውሃ ፊቴ ላይ እየረጩ፣ «ወላሂ፣ አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ሲጾም ሽንኩርት ላይ ተኝቶ አያውቅም!» ይሉ ነበር። እፍረቱ ከሕመሙ ባሰብኝ።

በዚያው ሳምንት መምሬ ጥላሁን ዘንድ ሄድኩ፤ ያንተ የንስሐ አባት አሁን የእኔም ናቸው። ዕቅዴን ከስልኬ ላይ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለጊዜው አስቀምጪው። ጾሙን እንደ አቅምሽ ጹሚ። ጸሎትሽ ጠዋት ጠዋት አንድ ‹አባታችን ሆይ› ይሁን። ብቻ እንዳትቸኩዪ» አሉኝ። አንድ ብቻ! ለሕፃን እንደሚሰጥ! እንደተናቅሁ ነው የቆጠርኩት፤ እየተነፋረቅሁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ግን ሞከርኩት። አባዬ፣ እንደሱ የከበደኝ ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹን ቃላት በደኅና እወጣቸዋለሁ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ልቤ ገመዱን እንደበጠሰ ወይፈን ይነሣል። ያላገኘሁት ሥራ፣ የሽንኩርቱ ገበያ፣ ያንተ ተዝካር፣ የእማዬ ጉልበት። «ለዛሬ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ጋ ሳልደርስ የሚመጣውን ዓመት ዞሬ እመለሳለሁ። መልሼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እንደገና እዚያው። መምሬን ሳገኛቸው «ደረስሽ?» ይሉኛል። «‹ለዛሬ› ላይ ቆሜያለሁ» እላቸዋለሁ። «መልካም ቦታ ነው፤ እዚያው ቁሚ» ይሉኛል።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ ልምጣ። ዘንድሮ ያ ሽንኩርት እንዲሁ ሽንኩርት አልነበረም። ሙት ዓመትህ የሚወጣው ከእሱ ነው ብለን፣ ችግኙን ከመደብ ወደ ማሳ ስናዛውር ጀምሮ እማዬና እኔ ስንነጋገርበት ከረምን። እማዬ ድንኳን አስተክላ፣ ካህናቱን፣ ማኅበርተኞችህን፣ ሰፈሩን ሁሉ፣ ከደብረ ሲና የሚወርዱትን ዘመዶችህንም ልታበላ ነበር አሳቧ። ለእሷ ያ ድንኳን የመጨረሻ ድግስህ ነው። እኔም ከእሷ ብሼ እንጂ አላነስኩም፤ በምረቃዬ ያላበላሁህን ያን ቀን ላበላልህ ነበር።

የመስኖ ተራችን እንደምታውቀው ዓርብ ነው። በዕጣ የወጣልን እሁድ ነበር፤ አንተ እሁድ ማሳ ስለማትገባ፣ ጋሼ ሰይድም ዓርብ ጁምዓ እንዳያመልጣቸው፣ ተለዋወጣችሁ። ለቅሶህ ላይ መጥተው «ቃላችን ቃል ነው፤ የዓርቡ የእናንተ፣ የእሁዱ የእኛ» ብለው ለእማዬ አረጋገጡላት። እኔ የማውቀው እስከዚህ ነበር። ዓርብ ሁሉ ዓርብ አለመሆኑን ግን አላሰብኩም።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ሰይድ ቦዩ ዳር አገኙኝና፣ «እህስ፣ ነገ ውሃው የእናንተ ነው። እንደ አባትሽ ነሽ?» አሉኝ። እንደ አባቴ እንዴት? አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን እከክ እከክ አደረጉ። «ነገ ስቅለታችሁ አይደለም እንዴ? አባትሽ አላህ ይማረውና በስቅለት ቀን ውሃ ነክቶ አያውቅም። ተራውን ለዘሀራ ነበር የሚለቅላት። እናትሽ አልነገረችሽም?»

እማዬ አልነገረችኝም። ቤት ስደርስ ለጉልባኑ ስንዴና ባቄላ እየለቀመች ነበር። ገና ፊቴን ስታይ ገባት። «ሰይድ ነገረሽ» አለች። ከዚያ አወጣችው። እኔ ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ወደ ቦዩ መጨረሻ እየወረድክ ለእትዬ ዘሀራ ተራህን ትሰጣቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ። ማሳቸው ጭራው ላይ ነው፤ በራሳቸው ተራ ቀን እንኳ ከላይ ያለው ሰው ጥቂት ጥቂት ሲጠልፍበት ውሎ እሳቸው ጋ የሚደርሰው አፈር የማያርስ ውሃ ነው። በስቅለት ግን የላዩ ሰው አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዓመት ዓመት ሙሉ ውሃ የሚያዩት በዚያች ቀን ብቻ ነው። እማዬ እንዳለችው፣ አንድ ዓመት በዚያው የተነሣ ግማሹ ሽንኩርታችን ቢጫ ሆኖ ነበር፤ አንተም «አዳም አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ጠበቀ፤ ሽንኩርት አንድ ሳምንት ቢጠብቅ ምን ይሆናል» ብለህ አሾፍክባት። እስካሁን ያናድዳታል።

«ዘንድሮ ግን ሌላ ነው» አለች እማዬ። «ራስ እየያዘ ነው። ይህ ውሃ ካመለጠው እስከሚቀጥለው ዓርብ ድረስ አይጠብቅም። የእሱ የራሱ ተዝካር ነው ልጄ፤ ቢሰማም አይከፋውም።» ከዚያ ደግሞ መላ አመጣች፦ ከታች ሰፈር አንድ ሙስሊም የቀን ሠራተኛ ይቀጠር። እኛ እንሰግዳለን፣ ውሃውም ይገባል፣ በዓልም አይሻር፣ ሽንኩርትም አይሙት።

አየህ፣ መላው እንከን አልነበረበትም። እኔም ተቀበልኩት። ስግደቱም አይቀርብኝ፣ ተዝካርህም አይጎድል፤ ሥራ አመራር ማለት ይኸው አይደል? ሠራተኛውን ልፈልግ ወዲያው ወረድኩ።

መንገዱ በእትዬ ዘሀራ ማሳ በኩል ነው። ቀሚሳቸውን ወደ ወገባቸው ሰብሰብ አድርገው በአካፋ ትልም ይጠርጋሉ። ከዳር እስከ ዳር ጠርገው ሊጨርሱ ትንሽ ቀርቷቸዋል። የዘሩት ማሾ ቅጠሉን እንደ ጆሮ ጥሏል። ሲያዩኝ ቀና አሉና፣ «መጣሽ?» አሉ። «ሁልጊዜ ሐሙስ ነበር የሚመጣው። ዘንድሮ ማንን ይልክ ይሆን ስል ነበር።»

ማንን ይልክ ይሆን። በሕይወት እንዳለህ ነበር የሚናገሩት።

 ሠራተኛ ልፈልግ ነው የወረድኩት ማለት እችል ነበር፤ ደኅና ዋሉ ብዬ ማለፍም እችል ነበር፣ ማንም ምንም አይለኝም፤ ተራው የእኛ ነው። ማሳቸው ዳር ባለች ዛፍ ጥላ ሥር ያነጠፏት ሰሌን ነበረች። ሄደው ቁጭ አሉና ወደ ጠርዙ ጠጋ አሉልኝ። «ጾመኛ ነሽ፣ ምን እሰጥሻለሁ? በይ ጥላውን እንኳ ውሰጂ።» ተቀመጥኩ። ያቺ የጠዋቷ ጸሎት መጣችብኝ፤ የዕለት እንጀራችንን ስጠን። አባዬ፣ ሁሌ «እንጀራዬን» ብዬ ስጸልይ ነበር የኖርኩት ለካ። «ለዛሬ» ላይ ደረስኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቤ ሳይሸሽ ደረስኩ። ከፊቴ የነበረው ዛሬ የደረቀ ማሾና የተጠረገ ትልም ነበር፤ ሌላው ሁሉ ነገ ነው።

«ነገ ውሃው የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አላህ ይማረው።»

አመሰግንሻለሁ አላሉኝም። ያንተ ነገር አድርገው ነው የወሰዱት፤ እኔም ያ ነው ደስ ያለኝ። የከበደኝ ወደ እማዬ መመለሱ ነበር። ስነግራት ጉልባኑን ማማሰል አቆመች። «ድንኳኑን ሰጠሽው ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ መልሳ ማማሰያዋን ያዘች።

በማግስቱ ስንሰግድ ዋልን። ልቤ ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር ብዬ አልዋሽህም። ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» ሲል ግንባሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር የአፈሩ ሽታ ሽንኩርቱን ያስታውሰኛል፤ ነፋሱ ሲነሣ «ይሄኔ መደቡ ተሰነጠቀ» እላለሁ። እማዬ ከጎኔ ናት። ጉልበቷን ታውቀዋለህ፤ ተቀምጠሽ አጎንብሺ ብላት እንቢ አለች፣ ትከሻዬን እየተደገፈች ወረደች፣ እየተደገፈች ተነሣች። ከቀትር በኋላ ግን መቁጠሩም መጨነቁም ደከመኝ። እሷን ማንሣት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ወረድን፣ ተነሣን። ያኔ ነው መሰለኝ የሰገድኩት። ማምሻውን መምሬ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው የጥብጠባውን ስግደት ሲያዙኝ፣ እማዬ ከኋላዬ በጆሮዬ፣ «አባትሽን ሞቶም አልቻልኩትም» አለችኝ። ዞሬ ሳያት እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን ፈገግ ብሏል።

ሽንኩርቱ ምን ሆነ ትላለህ። ከታች በኩል ያለው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ተረፈ። ከላይ አሸዋማው ላይ ያለው ግን ራሱ ሳያድግ ቀረ። የመጣው ደላላ አንዱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ «ይሄ ሽንኩርት ነው ወይስ ዶቃ?» አለ። ለአንገትህ ይሆንሃል አልኩት። ድንኳን የለም፤ ያ ቀርቷል። እማዬ «ሰው ምን ይለናል» እያለች ጥቂት ቀን ተንገላታች፤ መምሬ ጋ ሄደንም ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ «ፍትሐቱ አይቀነስም። ለቀረው ደግሞ ሽንኩርቱ ትንሽ ቢሆን በወጥ ውስጥ ማን ያየዋል?» አሏት። ስለዚህ እንዲህ ሆነ፤ ሙት ዓመትህ በሰኔ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ሽሮና ምስር ሠርተን፣ ዶቃዎቹን ሁሉ ከትፈን ጨምረንበት፣ በሚካኤል ደጅ የሚቀመጡትን እናበላለን። የደብረ ሲናዎቹ ከመጡ አብረው ይቀመጣሉ። እህትህ ጋቢውን እንደገና ከጠየቀች፣ እማዬ ልትሰጣት አስባለች፤ እንዳትነግራት ግን።

የእትዬ ዘሀራን ማሾ ሄጄ አየሁት፤ አረንጓዴ ነው፣ አበባ ይዟል። 

አሁን በዓለ ሃምሳ ነው። ጾም የለም፣ ስግደት የለም፤ እኔም እንደ ልማዴ ምን ልሥራ ብዬ ተቅበጠበጥኩ። መምሬን ስጠይቃቸው፣ «ዕረፊ፤ ይህም ትእዛዝ ነው» አሉኝ። ደወሎቹን ሁሉ ከስልኬ አጠፋሁ፣ የጠዋቷን ብቻ ትቼ። ሰሌንህን ማንጎው ሥር አነጥፋለሁ። እማዬ አንዳንድ ቀን ስትወጣ እሰማታለሁ፤ አልዞርም፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ እላለሁ። እስካሁን አልቆመችበትም፤ ትናንት ግን ጫፉ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ለቀመች።

ደግሞ ስልክ ተደወለልኝ። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ሥራ ተሰጥቶኛል፤ ሙት ዓመትህን አውጥቼ እሄዳለሁ። ደስ ብሎኛል አባዬ፣ ልብሴን ዛሬውኑ ባዘጋጅ ደስ ይለኛል፤ ያ ጥድፊያዬ አልለቀቀኝም። እዚያ ብርድ ነው ይላሉ። ማሳውን ጋሼ ሰይድ ከእማዬ ጋር በእኩል ያርሱታል፤ የዓርቡን ውሃም፣ ጁምዓ ሲሄዱ ሰው እያቆሙ፣ እንዳለ ይይዙልናል፤ ከአንዲት ቀን በቀር።

አልረሳህም ማለት ለሟች ሁሉ የሚባል ነው። እኔ ግን ቀኑን ልቁረጥልህ። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ጣርማ በርን ወርጄ፣ ጉልባን ሳልቀምስ በፊት፣ ቦዩን ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ሰው አልልክም፣ በስልክም አልናገርም፤ አንተ በእግርህ ነው የሄድከው። እትዬ ዘሀራ ትልማቸውን ጠርገው ይጠብቃሉ። እኔም እመጣለሁ።

ልጅህ